357 ወይስ 44 ማግነም? ለሌቨር አክሽን ጠመንጃ የቱ ይሻላል?

ዒላማ ወዳድ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሌቨር አክሽን ጠመንጃ (ከቃታው ሥር ባለው እጀታ የሚቀባበለውን) ልገዛ ነው፣ ጥይቱ ላይ ግን መወሰን አቃተኝ። 357 ማግነም ሪቮልቨር አለኝ፤ ለሽጉጡም ለጠመንጃውም አንድ ዓይነት ጥይት ብይዝ ደስ ይለኛል። ግን "44 ካልሆነ ለአደን አይረባም" የሚሉኝ አሉ። በብዛት የምተኩሰው ዒላማ ላይ ነው። አልፎ አልፎ አጋዘን አድናለሁ፣ ርቀቱ ከ100 ሜትር አያልፍም። 41 ማግነምስ እንዴት ነው?

ቀለህ ለቃሚ፦
357 ውሰድ፣ አትጨነቅ። ብዙ ሰው 357ን የሚንቀው በሽጉጥ ብቻ ስለሚያውቀው ነው። ከአጭር አፈሙዝ ሲተኮስ ባሩዱ ሥራውን ሳይጨርስ አረሩ ወጥቶ ይሄዳል። 158 ግሬን፣ ማለትም 10 ግራም ገደማ የሚመዝን አረር ከ4 ኢንች ሽጉጥ በሰከንድ 380 ሜትር አካባቢ ይሄዳል፤ ያንኑ ጥይት ከ16 ወይም ከ18 ኢንች አፈሙዝ ስትተኩሰው፣ ባሩዱ ቀስ ብሎ የሚነድ ዓይነት ከሆነ፣ 550 ሜትር ሊጠጋ ይችላል። ይሄ ጉልበቱን እጥፍ ያደርገዋል! 44ም ከረጅም አፈሙዝ ይጠቀማል፣ ግን የዚህን ያህል አይደለም።

ሌላው ደግሞ 38 ስፔሻል ነው። 357 የተሠራው የ38ን ቀለህ በማስረዘም ስለሆነ አጭሩንም ይተኩሳል። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ አይራገጥም፣ ዋጋውም ይቀላል። ቀኑን ሙሉ ዒላማ ላይ መዋል ለሚወድ ሰው ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

የጫካ ሰው፦
ለዒላማው እስማማለሁ፣ ለአደኑ ግን እኔ 44 ነኝ። የተለመደው አረሩ 240 ግሬን ነው፣ 15 ግራም ተኩል ማለት ነው። ውፍረቱም 10.9 ሚሊሜትር ነው፤ የ357 ግን 9.1 ብቻ። አጋዘኑ ጎኑን ሰጥቶህ ቀጥ ብሎ ከቆመ ሁለቱም ይጥሉታል። ችግሩ እንስሳው ሁልጊዜ እንደዚያ አይቆምልህም፤ ሰያፍ ዞሮ ትከሻው ላይ ስትመታው አጥንቱን ሰብሮ ወደ ውስጥ የሚዘልቅ ከባድ አረር ያስፈልግሃል። ትልቅ የዱር አሳማ ካለማ ጥያቄም የለው። እርግጫውም ቢሆን በጠመንጃ ሰደፍ ሲሆን የሽጉጡን ያህል አያስቸግርም።

44 የምትገዛ ከሆነ የአፈሙዙን የውስጥ ጥምዝ፣ ማለትም አረሩን የሚያሽከረክረውን ቦይ፣ ጠይቅ። የድሮዎቹ ማርሊን 1894 ሌቨር አክሽኖች አረሩን በ38 ኢንች አንድ ዙር ብቻ ነው የሚያዞሩት፤ 240 ግሬን ላይ ችግር የለባቸውም፣ 300 ግሬን ላይ ግን ብዙ ጊዜ አረሩ በአየር ላይ ሳይረጋ ምትህ ይበተንብሃል።

ዝምተኛው፦
41 ማግነም ጥሩ ጥይት ነው። በ1964 ሲወጣ በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት ሊሞላ ነበር። ግን ጥይቱንም ጠመንጃውንም ስትፈልግ ትደክማለህ። ቀለህ ራስህ የማትሞላ ከሆነ ተወው።

ማንም ያላነሳው ነገር ልጨምር። የነዚህ ጠመንጃዎች ካዝና ብዙውን ጊዜ ቱቦ ነው፣ ጥይቶቹ አንዱ ካንዱ ኋላ ይደረደራሉ። የአንዱ አረር ጫፍ የፊተኛውን ካፕሱል (ሲመታ ባሩዱን የሚያቀጣጥለውን) ይነካል ማለት ነው፣ ሊያፈነዳውም ይችላል፤ ስለዚህ ሹል ጠንካራ ጫፍ ያለው አረር እዚያ ውስጥ በፍጹም አታስገባ! ጫፉ ጠፍጣፋ ይሁን።

ዒላማ ወዳድ፦
አመሰግናለሁ ወንድሞቼ። ወደ 357 አዘንብያለሁ። ለአጋዘን ግን ሽጉጤ ላይ የምጠቀመው ጫፉ ክፍት የሆነው አረር ይሆናል?

ቀለህ ለቃሚ፦
ባይሆን ይሻላል። አብዛኛው እንደዚያ ዓይነት አረር የተሠራው ለሽጉጥ ፍጥነት ነው፤ በጠመንጃ ፍጥነት ሲመታ ቶሎ ይፈረካከስና በቂ ሳይዘልቅ ይቀራል። 158 ወይም 180 ግሬን ሆኖ ጫፉ ጠፍጣፋ፣ አካሉ ጠንከር ያለ ፈልግ። 38 ደግሞ ከመግዛትህ በፊት በጠመንጃው አቀባብለህ ሞክር፣ አጭር ቀለህ የሚያንቃቸው ጠመንጃዎች አሉ። 38 ብዙ ከተኮስክ በኋላ የጥይት ቤቱን በደንብ ጥረገው፤ ጥቀርሻው ከአጭሩ ቀለህ ፊት ይጋገርና በኋላ 357ቱ አልገባ ይልሃል።