ቤቴን በቀረፋና በብርቱካን ላውድ ብዬ ተቸገርኩ

እባካችሁ አንድ መላ በሉኝ። የሚረጨው ሽቶ ራሴን ስለሚያመኝ ተውኩት። በምትኩ ድስት ውስጥ ውሃ አድርጌ የአንድ ብርቱካን ልጣጭ፣ 2 እንጨት ቀረፋና ጥቂት ቅርንፉድ ጨምሬ እጥዳለሁ። መፍላት ሲጀምር ማድ ቤቱን ያውደዋል። ሳሎን ስገባ ግን ምንም የለም! 30 ደቂቃ ሲያልፍ ደግሞ ልጣጩ ይገረጣል፣ ይልፈሰፈሳል፣ ሽታውም የተቀቀለ አትክልት ይሆናል።

ትናንትማ ስልክ ሳወራ ውሃው አልቆ ቀረፋው ድስቱ ላይ አረረ። ቤቱ በሙሉ ጭስ ጭስ አለ። (ድስቱን እስካሁን እየፈተግኩ ነው።)

እሳቱ መቀነስ እንዳለበት ገብቶኛል። ሲንተከተክ ጥሩው ሽታ ከእንፋሎቱ ጋር ቶሎ ያልቃል። ግን ስቀንሰው ጭራሽ አይሸተኝም። አፍንጫዬ ለምዶት ይሆን እንዴ? ቀረፋውን ልሰባብረው? ልጣጩንስ መጨረሻ ላይ ልጨምር? ከውስጥ ያለውን ነጩን ነገር ፍቄ ብጥለው ለውጥ ይኖረዋል? የተረፈውስ ፍሪጅ ገብቶ ለነገ ይሆናል ወይስ ይደፋ?

ቅዳሜ እንግዶች አሉብኝ። የሞከራችሁት ካላችሁ ከነመጠኑና ከነሰዓቱ ንገሩኝ።