የሕዝብ ተቋማት የቢሮ ሶፍትዌር፦ ነፃው ወይስ የሚከፈልበት?

ዮናስ፦
ለክርክር የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው፤ በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደሩ ተቋማት ለደብዳቤ፣ ለሠንጠረዥና ለገለጻ ዝግጅት የሚከፈልበትን ሶፍትዌር ትተው እንደ ሊብረኦፊስ ባሉ ነፃና ምንጭ ኮዳቸው (ፕሮግራሙ የተጻፈበት መመሪያ) ለማንም ክፍት በሆኑ ፕሮግራሞች መሥራት ይገባቸዋል ወይ? እኔ ይገባቸዋል እላለሁ። ማይክሮሶፍት ኦፊስ ቀድሞ አንድ ጊዜ ተገዝቶ ለዓመታት የሚያገለግል ዕቃ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ኦፊስ 365 ከመጣ ወዲህ ግን (በዚህ ክርክር የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) አሠራሩ ወደ ኪራይ አዘንብሏል። አንድ ጊዜ የሚገዛው ዓይነት ዛሬም ቢኖርም ዕድሜው የተቆረጠ ነው፤ የ2016 እና የ2019 ዕትሞች ድጋፍ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። አብዛኛው ሠራተኛ የሚያዘጋጀው ደብዳቤ፣ ቃለ ጉባኤና ቀላል ሠንጠረዥ ሆኖ ሳለ ለእያንዳንዱ ኮምፒዩተር በየዓመቱ ኪራይ የሚከፈልበት ምክንያት አይታየኝም።

ሰብለ፦
አቶ ዮናስ፣ «ቀላል ሠንጠረዥ» ያሉት ነገር እኔ በምሠራበት የሒሳብ ክፍል የለም። የወር መዝጊያችን የሚሠራው ለዓመታት እየተጨማመረ በመጣ ማክሮ (በሠንጠረዡ ውስጥ ተጽፎ ሥራውን በራሱ በሚያከናውን ትንሽ ፕሮግራም) ነው፤ ከተለያዩ ፋይሎች መረጃ ሰብስቦ የሚያስተካክልልን ደግሞ በኤክሴል ውስጥ ያለው ፓወር ኩዌሪ ነው። የሊብረኦፊስ የሠንጠረዥ ፕሮግራም ካልክ፣ የማይክሮሶፍት የማክሮ ቋንቋ በሆነው በቪቢኤ የተጻፈ ማክሮን በከፊል ያስኬዳል፤ ለሒሳብ ሰው ግን «በከፊል» ማለት የማይታመን ማለት ነው። ሊብረኦፊስ ነፃ ቢሆንም ማክሮውን እንደገና የሚጽፈው ሰው በነፃ አይሠራም። ደግሞም የጀርመኗን የሙኒክ ከተማ ማስታወስ ያስፈልጋል። ከተማዋ በ2003 ወስና 15,000 ገደማ ኮምፒዩተሮችን በዊንዶውስ ፈንታ ወደሚሠራው ነፃ ሥርዓት ወደ ሊነክስና ወደ ነፃ የቢሮ ሶፍትዌር አዘዋውራ በ2013 ሥራው ተጠናቀቀ ካለች በኋላ፣ በ2017 ምክር ቤቷ ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ድምፅ ሰጠ። አሥር ዓመት የተደከመበት ነገር ሲፈርስ የሚንገላታው ሠራተኛው ነው።

መላኩ፦
ዋጋውም ሆነ የሥራ አቅሙ ክብደት ያለው ጉዳይ ነው። እኔ ግን ዕድሜዬን በመዝገብ ቤት ያሳለፍሁ በመሆኔ አስቀድሜ የምጠይቀው፣ ዛሬ የተጻፈው ሰነድ ከሠላሳ ዓመት በኋላ በምን ይከፈታል ብዬ ነው። ወረቀት ቢደበዝዝም ይነበባል፤ ፋይል ግን አወቃቀሩን የሚያውቅ ፕሮግራም ከጠፋ ምንም ቢሆን አይነበብም።

የሊብረኦፊስን የትውልድ ሐረግ ተመልከቱ። ስታርኦፊስ የተባለውን ፕሮግራም የሠራውን የጀርመን ኩባንያ በ1999 ሰን ማይክሮሲስተምስ ገዛው፤ በ2000 ምንጭ ኮዱ ለሕዝብ ተለቀቀና ኦፕንኦፊስ ተባለ፤ በ2010 ሰን ራሱ በኦራክል ተጠቀለለ፤ በዚያው ዓመት ብዙዎቹ ገንቢዎች ተለይተው ወጥተው ዶክዩመንት ፋውንዴሽንን መሠረቱ፤ በ2011 መጀመሪያም የሊብረኦፊስ የመጀመሪያ ዕትም ወጣ። ባለቤቱ ይህን ያህል ጊዜ ሲቀያየር ሰነዶቹ ሜዳ ላይ ያልቀሩት ኮዱ ክፍት ስለነበረና የፋይሉ ቅርፀት ኦዲኤፍ በ2005 ኦኤሲስ በተባለው መስፈርት አውጪ ድርጅት፣ በ2006 ደግሞ በዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት (አይኤስኦ) አይኤስኦ 26300 ተብሎ ማንም ሊያነበው የሚችል መስፈርት ሆኖ ስለተመዘገበ ነው። የማይክሮሶፍት ቅርፀትም በ2008 አይኤስኦ 29500 ሆኖ ጸድቋል። ይሁንና ይህ መስፈርት «ጥብቅ» እና «መሸጋገሪያ» የሚባሉ ሁለት መልኮች አሉት፤ ኦፊስ ካልታዘዘ በቀር የሚያስቀምጠው የድሮ ልማዶችን ይዞ የሚጓዘውን መሸጋገሪያውን ነው። ይህን ስል ኦዲኤፍን እንከን የለሽ አላደርገውም፤ የሠንጠረዥ ቀመሮች እንዴት እንደሚጻፉ በመስፈርቱ የተደነገገው በ2011 በወጣው 1.2 ዕትም ነው። እስከዚያ ድረስ ሁለት ፕሮግራሞች አንዱን ቀመር በተለያየ መንገድ ቢረዱት መስፈርቱ የሚዳኝበት አንቀጽ አልነበረውም።

ቅርፀትን ችላ ማለት ምን እንደሚያስከትል በ2020 በእንግሊዝ ታይቷል። የኮሮና ምርመራ ውጤቶች በአሮጌው የኤክሴል ቅርፀት ይተላለፉ ነበር፤ ያ ቅርፀት ከ65,536 ረድፎች በላይ ስለማይዝ ወደ 16,000 የሚጠጉ በቫይረሱ የተያዙ ሰዎች ከዕለታዊው ቆጠራ ውጭ ቀሩ፤ ከእነርሱ ጋር ንክኪ የነበራቸውን የመፈለጉ ሥራም ዘገየ። ከ2007 ወዲህ ያለው ቅርፀት 1,048,576 ረድፎችን ይይዛል። ሁለቱም ቅርፀቶች የአንድ ሶፍትዌር ናቸው፤ ስለዚህ ነፃ ወይም ባለ ክፍያ መሆን ያመጣው ጥፋት አይደለም፤ መረጃው በምን ዕቃ እንደሚጓጓዝ የወሰነ ሰው ባለመኖሩ የመጣ ነው።

አቋሜ እንግዲህ ይህ ነው። ተቋሙ በመመሪያ የሚያስገድደው ፕሮግራሙን ሳይሆን ቅርፀቱን ይሁን። የእንግሊዝ መንግሥት በ2014 ያደረገው ይህንኑ ነው፤ የሚታረሙ ሰነዶች በኦዲኤፍ፣ ለንባብ ብቻ የሚሠራጩት ደግሞ በፒዲኤፍ ወይም በድረ ገጽ ቅርፀት በኤችቲኤምኤል እንዲሆኑ ወሰነ እንጂ የትኛው ሶፍትዌር ይገዛ አላለም።

ሄለን፦
አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ሰዎች ነፃውን ሶፍትዌር ሲያማርሩ ብዙ ጊዜ የሚያነሡት «ሰነዴ ተበላሸ» የሚለውን ነው። እኔም አርባ ገጽ የነበረው ሪፖርቴ በሌላ ኮምፒዩተር ሲከፈት አርባ ሦስት ገጽ ሆኖ፣ ማውጫው በሙሉ ተዛብቶ አግኝቼው ፕሮግራሙን ወቅሼ ነበር። ኋላ ሳጣራ ችግሩ ፎንት (የፊደሎቹ ቅርጽ) ነው። ሪፖርቱ የተጻፈው ከ2007 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት የኦፊስ መነሻ ፎንት በነበረው በካሊብሪ ሲሆን ያ ኮምፒዩተር ካሊብሪ አልነበረውም። በፊደል ስፋት ከእርሱ ጋር እንዲስተካከል ተደርጎ የተሠራውን ካርሊቶን ስጭንበት ገጾቹ ወደ አርባ ተመለሱ። ለውጥ የሚያስብ ተቋም ፎንቶቹን አስቀድሞ ቢያዘጋጅ የአቤቱታው ብዛት ይቀንሳል።

ሰብለ፦
አቶ መላኩ ያሉትን በጥሞና አነበብሁት፤ ለደብዳቤና ለሪፖርት የሚሠራ ሐሳብ ነው። ነገር ግን ኦዲኤፍ የማክሮ ቋንቋን አይደነግግም፤ ቪቢኤም በአይኤስኦ 29500 ውስጥ የለም። ታዲያ ቅርፀቱን ቢያስገድዱ የእኔ የወር መዝጊያ በየትኛው መስፈርት ይጠበቃል? የሰጡት መድኃኒት እኔን የሚያመኝ ቦታ አልደረሰም።

መላኩ፦
ልክ ነዎት፣ አልደረሰም። ስለ ማክሮዎ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ የጻፈው ሰው ዛሬ በክፍሉ ውስጥ አለ? የተቋሙ የሒሳብ ሕግ አንድ ሰው ብቻ በሚያውቀው ኮድ ውስጥ ተቀብሮ የሚኖር ከሆነ ነገሩ ከቢሮ ሶፍትዌር ምርጫ ያለፈ አደጋ ነው፤ ወደ መረጃ ቋት ወይም ለዚሁ ወደ ተሠራ የሒሳብ ሥርዓት መዛወር አለበት። ያ እስኪሆን ግን የሒሳብ ክፍሉ የለመደውን ፕሮግራም እንዲተው የሚያስገድድ ትእዛዝ እኔም አልደግፍም።

ሰብለ፦
የጻፈው ሰው ከለቀቀ ስድስት ዓመቱ ነው።

ዮናስ፦
ጥያቄዬን ማጥበብ እንዳለብኝ ገብቶኛል። «ሁሉም ክፍል ይቀይር» ማለቴን ትቼ፣ በማክሮ ያልታሰረው ክፍል ሁሉ ይቀይር እላለሁ። «ነፃ» ስል ምንም ወጪ የሌለው አስመስዬ ማቅረቤም ትክክል አልነበረም፤ ከሊብረኦፊስ ኮድ ብዙውን የሚጽፉት እንደ ኮላቦራ ባሉ ኩባንያዎች ተቀጥረው የሚከፈላቸው ባለሙያዎች ናቸው። ስለዚህ ከኪራይ የሚተርፈው ገንዘብ ለሠራተኛ ሥልጠናና ለድጋፍ ውል መዋል ይኖርበታል። ከሙኒክ ጎን ለጎን የጀርመኑን ግዛት የሽሌስቪግ ሆልሽታይንን ውሳኔም ማየት ይገባል፤ በ2024 ወደ 30,000 የሚጠጉ ኮምፒዩተሮችን ወደ ሊብረኦፊስ ለማዛወር መወሰኑን ሲያስታውቅ ዋናው ምክንያቱ የዋጋ ቅናሽ አልነበረም፤ በራሱ መረጃ ላይ የራሱ ሥልጣን እንዲኖረው መፈለጉ ነበር።

ሰብለ፦
በዚህ መልክ ከሆነ አልቃወምም። የማስቀምጠው ቅድመ ሁኔታ ግን አለ። ማንም ክፍል ከመቀየሩ በፊት ያለፉት ሦስት ወራት ሥራው በሁለቱም ፕሮግራሞች ተሠርቶ ውጤቱ ጎን ለጎን ይመርመር፤ የሒሳብ ክፍሉም ተራው ሲደርስ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ይመሳከር፤ ልዩነት ከተገኘም ምክንያቱ በጽሑፍ እስኪታወቅ ድረስ አሮጌው አሠራር አይዘጋ።