እዚያ ቅጠሉ ሲረግፍ፣ እዚህ ማሽላው ያሸታል

ሰላም ለሁላችሁ። "ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር ሆዴ ይባባል፣ እናንተ እንዴት ቻላችሁት?" ብላ ለጠየቀችው እህታችን ነው የምጽፈው። የወሎዋ ሐይቅ ከተማ ልጅ ነኝ፣ የምኖረው ስዊድን፣ ስቶክሆልም ነው። አሁን ግን ለእረፍት መጥቼ ወሎ፣ እናቴ ቤት ነው ያለሁት።

እህቴ፣ አብሽሪ። እኔንም የመጀመሪያው ዓመት ጥቅምት ጨለማው ከብዶኝ ነበር። የረዳኝ የእጅ ስልኬ ነው። ከቤቴ ፊት ለፊት ካለው የአውቶቡስ ፌርማታ አጠገብ ሜፕል የሚሉት ዛፍ አለ። ጠዋት አውቶቡስ ስጠብቅ ያንኑ ዛፍ፣ ከዚያው ቦታ ላይ ቆሜ፣ በየቀኑ አንድ ፎቶ አነሳና ለእማዬ እልክላታለሁ። መጀመሪያ ምንም አላለችም። ዛፉ ቀይ ሆኖ የደረሳት ቀን ግን ደወለች። "ምነው ልጄ፣ ዛፉን ምን ነካው? ታሞ ነው?" አለችኝ። እሷ የለመደችው ወይራና ጽድ ነው፣ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው።

እንዳልታመመ አስረዳኋት። ቀኑ እያጠረ ሲሄድ ቅጠሉን አረንጓዴ የሚያደርገው ክሎሮፊል ይፈርሳል። ቢጫው ድሮም ውስጡ ነበር፣ አረንጓዴው ሸፍኖት ነው እንጂ። ቀዩን ግን ዛፉ ያን ሰሞን ነው የሚሠራው፣ ቀኑ ፀሐይ ሌሊቱ ብርድ ሲሆን ደግሞ ይብስ ይደምቃል። በማግስቱ እማዬ የወንድሜን ስልክ ተቀብላ ያሸተ ማሽላ አንስታ ላከችልኝ። ጣቷ ግማሹን ሸፍኖታል። እስካሁን አላጠፋሁትም።

ከዚያ ወዲህ ነው ወቅቱ አንድ መሆኑ የገባኝ። በእኛ አቆጣጠር ክረምቱ መስከረም 25 ያበቃል፣ ከ26 ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 25 ጥቢ ነው። እዚያ ቅጠሉ በሚረግፍበት ሰሞን እዚህ ጤፉ ቢጫ ይሆናል፣ ማሽላው ይደርሳል፣ አደዩ ለመጨረሻ ጊዜ ይታያል።

ትናንት ጎህ ሲቀድ ማሳ ወረድኩ። ጤፉ ላይ ጤዛ አለ፣ እያንዳንዷ ጠብታ ውስጥ ፀሐይዋ ትታያለች። ተንበርክኬ ስልኩን ወደ መሬት አስጠጋሁት። ትንሽ ራቅ ብሎ አንድ ልጅ ማማ ላይ ቆሞ በወንጭፍ ወፍ ይጠብቃል፣ አባቱን ጠይቄ እሱንም አነሳሁት። ወንጭፉ ሲዞር ፎቶው ላይ ደብዝዞ ወጣ፣ እኔ ግን እንደዚያ ነው የወደድኩት።

ብርሃኑን ግን ልብ በሉ። ወሎ 11 ዲግሪ ሰሜን ገደማ ላይ ስለሆነ ፀሐይዋ ቶሎ ቀጥ ብላ ትወጣለች። ያ ወርቅ የመሰለው ብርሃን ከወጣች በኋላ አንድ ሰዓት እንኳ አይቆይም፣ ረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ከሄዳችሁ ቢጫው ማሳ ነጣ ብሎ ነው የሚወጣው። ስቶክሆልም 59 ዲግሪ ላይ ነች፣ እዚያ በጥቅምት ፀሐይዋ ቀኑን ሙሉ ዝቅ ብላ ነው የምትሄደው። ስለዚህ እዚያ ያላችሁ ጠዋት አመለጠን ብላችሁ አትዘኑ፣ ምሳ ሰዓት ላይም ቢሆን ቆንጆ ፎቶ ይወጣል።

ስልኩ ውድ መሆን የለበትም። መጀመሪያ ሌንሱን ጥረጉ። ቅጠሉን በእናንተና በፀሐይዋ መሃል አድርጉት፣ ደም ሥሩ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቅጠሉ ላይ በጣት ነካ አድርጉና ብርሃኑን ትንሽ ቀነስ አድርጉት፣ አለዚያ ቀለሙ ይጠፋል። በጣት ጎትቶ ማቅረብ ምስሉን ያበላሻል፣ በእግር መጠጋት ይሻላል። ስልኩ ቢጫውን እያደበዘዘ ካስቸገራችሁ ደግሞ ስልካችሁ ካለው የቀለም ማስተካከያው (ዋይት ባላንስ የሚሉት) ውስጥ ገብታችሁ የደመና ምልክት ያለበትን ምረጡ። እኔ ብዙ ጊዜ የሚያሳዝነኝ ቅጠሉን ትተን ራሳችንን ብቻ ከፊቱ ቆመን መነሳታችን ነው። አገር ቤት ያሉት ፊታችንን ያውቁታል፣ የምንኖርበትን ግን አያውቁትም።

ለማሳጠብ ከሆነ በቴሌግራም እንደ ፋይል ላኩት፣ ጥራቱ አይቀንስም። ግን እንደዚያ ሲላክ የተነሳበት ቦታም አብሮ ሊሄድ ስለሚችል፣ ለማታውቁት ሰው ከሆነ የካሜራውን የቦታ ምልክት አስቀድማችሁ አጥፉ።

ያ ቀይ ዛፍ ደሴ ታጥቦ አሁን ሳሎን ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ጎረቤት ቡና ሊጠጣ በመጣ ቁጥር እማዬ ጀበናውን አስቀምጣ "ልጄ አውቶቡስ የሚጠብቅበት ዛፍ ነው" ትላለች።

እህቴ፣ ቅጠሉ ሳያልቅ ነገውኑ ከቤትሽ የሚቀርብሽን አንድ ዛፍ ምረጪ። የጤፍ አጨዳው ሲጀመር እኔም ከዚህ ፎቶውን እለቅላችኋለሁ።