መንገድ በክረምት በሚዘጋበት ቀበሌ የልምድ አዋላጆችን እንደገና ማሠልጠን ይገባል?

ጥያቄ (የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ምሥራቅ ጎጃም)
ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው በጮቄ ተራራ ሥር ባለ ቀበሌ ሲሆን፣ ክረምት ሲገባ መንገዱ ስለሚበላሽ አምቡላንስ አይደርስም፤ ምጥ የያዛትን እናት እስከ ዋናው መንገድ በቃሬዛ ማውረድ ግድ ነው። በጤና ተቋም እንዲወልዱ ዘወትር እናስተምራለን፤ ይሁንና ምጡ ሌሊት ሲመጣ ከእኛ አስቀድማ የምትጠራው የሰፈሩ የልምድ አዋላጅ ናት። ቀደም ባለው ጊዜ ለአዋላጆቹ ሥልጠና ይሰጥ ነበር፤ ዛሬ ግን «አታዋልዱ» ከማለት ያለፈ የምንላቸው ነገር የለም። ሥልጠናው ቢመለስ ይጠቅማል ወይስ እናቶችን ከጤና ጣቢያ ያርቃል?

መልስ 1 (አዋላጅ ነርስ፣ ፍኖተ ሰላም)
ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ እኔ ግን ብቻቸውን እንዲያዋልዱ ማሠልጠንን አልደግፍም። እናቶችን ከሚገድሉ ምክንያቶች ቀዳሚው ከወሊድ በኋላ የሚከሰት የደም መፍሰስ ነው። ለዚህ የሚሰጠው ኦክሲቶሲን የተባለ መድኃኒት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ቅዝቃዜ ውስጥ መቀመጥ ያለበት በመሆኑ በማንም ጓዳ አይገኝም፤ ደም መስጠትና ቀዶ ሕክምናማ ጭራሽ የማይታሰብ ነው። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት በአገራችን ከ100,000 ሕያው ልደቶች 412 እናቶች ይሞቱ እንደነበር ሲገመት፣ በጤና ተቋም የተካሄደው ወሊድ ገና 26 ከመቶ ነበር። ሥልጠና እጅን ማስታጠብ ይችላል፤ የሚፈስን ደም ግን አያቆምም።

መልስ 2 (የሕብረተሰብ ጤና መምህር፣ ደብረ ማርቆስ)
ስለ እናቲቱ የተባለው እውነት ነው፤ ስለ ጨቅላው ግን ማስረጃው ሌላ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ የፓኪስታን ጥናት አዋላጆቹን አሠልጥኖ ንጹሕ የማዋለጃ ቁሳቁስ ከሰጣቸውና ከመንግሥት ጤና ሠራተኞች ጋር ካገናኛቸው በኋላ፣ በወሊድ ዙሪያ የሚደርሰው የሕፃናት ሞት በ30 ከመቶ ገደማ ቀንሷል። የእናቶች ሞት ግን አስተማማኝ በሆነ ደረጃ መቀነሱ አልታየም። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው የዛምቢያ ጥናት ደግሞ አዋላጆቹ ያልተነፈሰን ሕፃን እንዲያነቃቁና የታመመውን ቶሎ እንዲልኩ በመደረጉ የጨቅላ ሞት በ45 ከመቶ ቀንሶ እንደተገኘ አሳይቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ብዙዎቹ ትንፋሽ ያጡ ሕፃናት ወዲያው ቢደረቁ፣ ጀርባቸው ቢታሸ፣ ካስፈለገም በመጀመሪያዋ ደቂቃ በጭምብል አየር ቢሰጣቸው ይነሣሉ፤ ያቺን ደቂቃ ከአዋላጂቱ በቀር ማንም አይደርስባትም። በሁለቱም አገሮች አዋላጆቹ ብቻቸውን አለመተዋቸው ግን ሊዘነጋ አይገባም። የሦስት ቀን ሥልጠና ሰጥቶ፣ አበል ከፍሎ መሰነባበት (እንዲህ ያለውን እናውቀዋለን) ከዚያ ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

መልስ 3 (ቡሬ)
እናቴ የልምድ አዋላጅ ናቸው። እትብት ላይ ቅቤ መቀባትን፣ አራስ ልጅን ወዲያው ማጠብንና እንገሩን መድፋትን የተዉት ስለተከለከሉ ሳይሆን ምክንያቱን አንዲት ነርስ በአክብሮት ስላስረዳቻቸው ነው። ወላዶቹ ጤና ጣቢያ መሄድን የሚፈሩት ብቻቸውን ገብተው «ማርያም ማርያም» የሚላቸው ሰው ስለሚያጡ ነው። እናቴ ይዘዋቸው ቢሄዱና ማዋለጃ ክፍል ቢገቡ ኖሮ እምቢ የሚሉት ጥቂት በሆኑ ነበር።

ጠያቂዋ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እንግዲያው ሐምሌና ነሐሴ የሚወልዱትን ከየአዋላጆቻቸው ጋር በግንቦት መዝግቤ፣ ቀናቸው ሳይደርስ ወደ እናቶች ማቆያ (ምጥ እስኪመጣ ወደሚቆዩበት ቤት) እንዲወርዱ ለማድረግ አስባለሁ። አዋላጂቱ ማዋለጃ ክፍል ትገባ ዘንድ ይፈቀዳል?

አዋላጅ ነርሷ
እኛ ጋ አንዲት አጃቢ እናስገባለን። የእናንተን ጤና ጣቢያ ኃላፊ አስቀድመው ያነጋግሩ፤ ማቆያው ውስጥ ፍራሽ፣ ማገዶና የገንፎ እህል መኖሩንም ራስዎ ሄደው ይዩ፤ ባዶ ቤት ያገኘች እናት በማግሥቱ ትመለሳለች።