ክርክር፦ ፊልምን በሰው ሠራሽ አስተውሎት ድምፅ ወደ አማርኛ መመለስ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል? (ተከራካሪዎቹ የተጠሩት በድሬዳዋ ሰፈሮቻቸው ስም ነው።)

ከሳቢያን፦ ይጠቅማል ባይ ነኝ። እናቴ ማንበብ ስለማትችል በግርጌ ጽሑፍ የሚቀርብ ፊልም ለእሷ ምስል ብቻ ነው፤ ቡና እያፈላች የምትከታተለው በአማርኛ የሚናገረውን ነው። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ሲጀምር የአገር ውስጥ ከያንያን አጥብቀው ተቃውመው ነበር፤ ሆኖም እንደ እናቴ ላሉት በር ከፍቶላቸዋል። አንድን ፊልም ለመመለስ ተርጓሚ፣ ተዋንያንና ስቱዲዮ ስለሚያስፈልጉ፣ ወጪውን የማይመልስ የሚመስለው ሁሉ ሳይተረጎም ይቀራል። ይህን ክፍተት ማሽኑ ቢሞላው ማን ይጎዳል?

ከከዚራ፦ ወንድሜ፣ የእናትህ ነገር ልቤን ነክቶኛል። እኔ ግን መድረክ ላይ ያደግሁ ሰው ነኝና፣ ማን ይጎዳል ላልኸው መልስ አለኝ። በቅርቡ አንድ ወጣት በማሽን የተነበበ ቃለ ተውኔት በስልኩ አሰማኝ። ልጅቷ አባቷ ከአደጋ መትረፉን ሰምታ «አባቴ አለ!» የምትልበት ቦታ ላይ ማሽኑ «አለ» የሚለውን አላልቶ አነበበው፤ በሕይወት መኖሩ ቀርቶ አባቷ አንድ ነገር የተናገረ ሆነ። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን ስለማያሳይ ይህን የሚለየው ታሪኩ የገባው ሰው ነው። የእኛን የድሬን «አቦ» ደግሞ ተመልከት፤ «ና እንጂ አቦ» ፍቅር ነው፣ «ተወኝ አቦ» መሰልቸት ነው፤ ማሽኑ ሁለቱንም በአንድ ዜማ አለፋቸው። እናትህ የሚደርሳት ይህ ከሆነ የተጎዳችው እሷ ናት።

ከሳቢያን፦ የማጥበቁን ነገር እቀበላለሁ፤ ይሁን እንጂ የሚያርም ባለሙያ ቢመደብ ይስተካከላል። «ዘ ብሩታሊስት» በተባለው ፊልም የኤድሪያን ብሮዲ የሀንጋሪኛ አነጋገር በዚሁ ቴክኖሎጂ ተስተካክሏል፤ ተዋናዩም በ2025 እ.ኤ.አ. ለዚያው ሚና ኦስካር ተሸልሟል።

ከመጋላ፦ እዚያ የተስተካከለው የተዋናዩ የራሱ ድምፅ ነው፤ እዚህ የምንነጋገረው ተዋናዩን ስለመተካት ነው። የሆሊውድ ተዋንያን በ2023 እ.ኤ.አ. ለ118 ቀናት ሥራ ካቆሙባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነበር፤ በመጨረሻም በዲጂታል የተቀዳ መልካቸውና ድምፃቸው ያለፈቃዳቸውና ያለክፍያ እንዳይሠራበት በውል አስገቡ። እነሱን የታገለላቸው ጠንካራ ማኅበር ነው። ከድሬዳዋ ተነሥቶ ድምፁን ለመስጠት የሚሄድ ወጣት ግን ብቻውን ነው የሚፈርመው። ስለዚህ ድምፁ ለማሽን ማሠልጠኛ ይውል እንደሆነና ስንት እንደሚከፈልበት በግልጽ ያልተጻፈበትን ውል እንዳይፈርም፣ በየቤታችን ያሉትን ልጆች ከዛሬ ጀምሮ እንንገራቸው።