ፍንጭት እንከን ነው ወይስ ምልክት?

ጥያቄ፣ ከደሴ፦

የራስን መልክ ከነጉድለቱ ስለ መውደድ ለተማሪዎች ሚኒ ሚዲያ አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። «ከነጉድለቱ» ስል የሒሳብ ሠራተኛ ካዝና የጎደለ ይመስልብኛል፤ «ከነእንከኑ» ስል ስለ ዕቃ የማወራ ይመስለኛል፤ «ከነነውሩ» ማለትማ አይታሰብም። የሦስቱን ልዩነት ብታስረዱኝ፣ የተሻለ ቃል ካለም ብትጠቁሙኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፣ ከኮምቦልቻ፦

እኅቴ፣ ጆሮዎ አላሳሳተዎትም። «ጉድለት» አስቀድሞ ሊሞላ የሚገባው ልክ መኖሩን ያስባል፤ ለሰው ፊት ደግሞ እንዲህ ያለውን ልክ ማን እንዳወጣለት አይታወቅም። «እንከን» የገዢ ቃል ነው፤ በሬ ሊገዛ የሄደ ሰው እየዞረ የሚፈልገው እርሱን ነው፣ ካገኘም ዋጋ ያስቀንስበታል። «ነውር» ዛሬ ልጅ የምንገሥጽበት የምግባር ቃል ቢሆንም በመጽሐፍ ቅዱስ አማርኛ የአካልም ቃል ነው፤ ዘሌዋውያን ምዕራፍ 22 ለመሥዋዕት የማይቀርበውን ዕውርና ሰባራ እንስሳ ነውር ያለበት ይለዋል፤ በመኃልየ መኃልይ ምዕራፍ 4 ውዲቱ ነውር የለብሽም ስትባልም የሚወደሰው መልኳ ነው። በእስልምናም ለዒድ አል አድሓ የሚታረደው ኡድሒያ የአንድ ዓይኑ መታወር፣ ሕመሙ፣ ማነከሱ ወይም ክሳቱ ጎልቶ የሚታይ መሆን የለበትም። በሁለቱም ዘንድ መመዘኛው የመጣው እንስሳው ከሚቀርብበት ዓላማ ነው።

በእኔ አስተያየት የሚፈልጉት ቃል «ምልክት» ነው። ከብት ጠፍቶበት የሚያፈላልግ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምልክቱ ምንድን ነው?» ተብሎ ነው፤ እርሱም ጆሮው ስንጥቅ ነው፣ ቀንዱ ቆልማማ ነው ብሎ ይመልሳል። ለገዢው እንከን የሆነው ያው ስንጥቅ፣ ለባለቤቱ ከመንጋው መካከል የራሱን የሚለይበት ነው።

አንድ ነገር ላሳስብዎ፤ «ሰው ሆኖ የማይሳሳት፣ እንጨት ሆኖ የማይጤስ የለም» የሚለውን ተረት በጽሑፉ ውስጥ አያስገቡት። ተረቱ የሚናገረው ስለ በደል ስለሆነ፣ ፊቷ ላይ ጠባሳ ያለባትን ልጅ ይቅርታ የሚያስፈልጋት ያስመስላታል።

አስተያየት፣ ከሌላ የደሴ አንባቢ፦

«ምልክት» ትክክል ነው፤ ነገር ግን መለየትን እንጂ ውበትን አይናገርም። ለውበቱ «ስርጉድ» የተሻለ ምስክር ይመስለኛል። በኮምቦልቻ መንገድ የሚመላለስ የጭነት መኪና ፓራፋንጎው ተጋጭቶ ቢሰረጎድ ባለንብረቱ ባትላሜራ ጠርቶ ያስቀጠቅጠዋል፤ ያው ቃል ለጉንጭ ሲነገር ግን ምስጋና ይሆናል። «ፍንጭት»ም እንዲሁ ክፍተት ነው፤ ሆኖም የአገራችን ዘፋኝ ፍንጭቷን ብሎ ሲያወድስ ሰሚው ምን ጎደላት ብሎ አይጠይቅም። አሁን አሁን ያንን ክፍተት በብረት ማሰሪያ የሚያስገጥሙ ወጣቶች መኖራቸውን አያለሁ፤ ማኘክ እስካላስቸገራቸው ድረስ የፈለጉትን ማድረግ መብታቸው ነው፤ ቃሉ ግን ከስድብ አይቆጠርም። በልደት የሚገኘውን የቆዳ ነቁጥም «ማርያም የሳመችው» እንላለን፤ ይህ አባባል ነቁጡን አይሸፍነውም፣ ከየት እንደ መጣ ብቻ የተለየ ታሪክ ይሰጠዋል።

እስካሁን የተነሡት ቃላት ሁሉ የሚናገሩት ስለ ታየው አካል ነው። ስለ ተመልካቹ የሚናገር ቃል ከፈለጉ ግን ሩቅ መሄድ አያስፈልግዎትም፤ የወሎው ንጉሥ ሚካኤል የግብር (የግብዣ) አዳራሽ «አይጠየፍ» ተብሎ የሚጠራው እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው። ግሡ ስለ እንግዳው ንጽሕና ወይም ማዕረግ ምንም አይልም፤ የሚናገረው ተቀባዩ ስለማያደርገው ነገር ነው። ይህንኑ ወደ አንደኛ መደብ አምጥተው «አልጠየፍም» ቢሉት፣ ተማሪው ስለ ጓደኛው መልክም ስለ ራሱም ሊናገርበት ይችላል። ቃሉ «እወዳለሁ» ከማለት ያነሰ መሆኑን አልክድም፤ ይሁን እንጂ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን የ14 ዓመት ልጅ ሳይዋሽ ሊለው የሚችለው እርሱን ይመስለኛል።