ስለ ራስ እምነት በግልጽ መናገር እስከ ምን ድረስ ተገቢ ነው?

ጥያቄ፦ የሐረጎ መንገደኛ (ኮምቦልቻ)

የተከበራችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ተወልጄ ያደግሁት ደሴ ሲሆን አሁን የምሠራው ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው። እምነቴ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ነው። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን ሲገጥሙ፣ በምሳ ሰዓት ሌሎች ሠራተኞች ወደ ካፍቴሪያ ሲሄዱ፣ ጾመኞቹ በጨርቅ መመርመሪያው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን እንጨዋወት ነበር፤ እኛ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሙስሊሞቹ ባልደረቦቻችን ደግሞ እስከ መግሪብ ምግብ አንቀምስም። በዚያ ወቅት አንዲት ሙስሊም ባልደረባዬ «አንተ ለምንድን ነው የምታምነው?» ብላ ጠየቀችኝ። በሰንበት ትምህርት ቤት ስለ ምሥጢረ ሥላሴና ስለ ምሥጢረ ሥጋዌ የተማርሁትን መናገር ስጀምር፣ «እሱንማ ጎረቤቶቻችን ክርስቲያኖች ስለሆኑ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ፤ እኔ የጠየቅሁህ ስለ ራስህ ነው» አለችኝ። ሌላ ቀን እንደምመልስላት ነግሬአት ተለያየን፤ እስካሁንም መልሱን እየጠበቀች ነው።

እውነቱን ልናገር ብል ነገሩ እንዲህ ነው። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት ወር መገባደጃ ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ቤተሰባችን በር ዘግቶ ዳዊት ሲደግም ሰነበተ። እኛ ተረፍን። ከእኛ ጋር በግድግዳ የሚዋሰኑት፣ ከእኛ ይልቅ ቤተ ክርስቲያን የሚያዘወትሩትና የኪዳን ጸሎት የማያስታጉሉት እናት ግን አልተረፉም። ከዚያ ወዲህ «ጸለይሁ፣ እግዚአብሔርም አዳነኝ» ማለት ይከብደኛል፤ እንደዚያ ብናገር የእሳቸው ጸሎት አልተሰማም ማለት ይሆንብኛል። ጸሎቴ ለረጅም ጊዜ ደርቆብኝ ነበር፤ ቢሆንም ከቅዳሴ አልቀረሁም። ያልቀረሁበትም ምክንያት፣ እንዲህ ያለውን ሐዘን ከውስጡ ያውቀዋል ብዬ የማምነው የተሰቀለውን ክርስቶስን ብቻ ስለሆነ ነው። ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

እንዲህ ያለውን ነገር ለሌላ እምነት ተከታይ መንገር ሃይማኖቴን ማሳጣት ይሆን? ለንስሐ አባት ብቻ ሊነገር የሚገባ ነገርስ ይሆን? ያደግነው ስለ ጾሙና ስለ ጸሎቱ የሚያወራ ሰው ከንቱ ውዳሴ ይሻል እየተባልን ስለሆነ፣ ስለ ራሴ ስናገር ቃላቱ ራሳቸው ያሳፍሩኛል። አስተያየታችሁን በትሕትና እጠይቃለሁ።

መልስ 1፦ የሰኞ ገበያ ሰው (ደሴ)

ወንድሜ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመታት ሳስተምር ከወጣቶች ደጋግሞ የሚቀርብልኝ ጥያቄ ይኸው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የሚነሣውም ሦስት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርገን ስለምንይዛቸው ይመስለኛል። ኃጢአት ለንስሐ አባት ይነገራል፤ ያንን በአደባባይ መዘርዘር አይገባም፣ ሰሚውንም አይጠቅምም። ጾም፣ ጸሎት፣ ምጽዋት ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 እንዳስተማረው በስውር የሚደረጉ ናቸው፤ ከንቱ ውዳሴ የሚባለው ፈተናም የሚመጣው በእነዚህ በኩል ነው። የተስፋችን ምክንያት ግን ከሁለቱም የተለየ ነው። ሐዋርያው ጴጥሮስ በመጀመሪያው መልእክቱ በምዕራፍ 3 ስለ ተስፋችን ምክንያት ለሚጠይቁን ሁሉ መልስ ለመስጠት የተዘጋጀን እንድንሆን አዝዞናል፤ አያይዞም መልሱ በየዋህነትና በፍርሃት እንዲሆን ይነግረናል። ባልደረባህ የጠየቀችህ ይህንን ሦስተኛውን ነው፤ ስንት ጊዜ እንደምትሰግድ አልጠየቀችህም። ስለዚህ ልታፍርበት አይገባም።

«ሃይማኖቴን ማሳጣት ይሆን?» ስላልኸው ትንሽ ልቆይበት እፈልጋለሁ። ቤተ ክርስቲያናችን ከትንሣኤ በኋላ በሚውለው እሑድ፣ በዳግም ትንሣኤ፣ ሳላይና ሳልዳስስ አላምንም ያለውን የሐዋርያው ቶማስን ታሪክ ሕዝብ በተሰበሰበበት በየዓመቱ ታነብባለች። ሐዋርያው የተናገረውን አልሸሸገችም። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ልጁ የታመመበት አባት ማመኑንም አለማመኑንም በአንድ ትንፋሽ ሲናገር ጌታ አልገሠጸውም፤ ልጁን ፈወሰለት። ቤተሰብህ በዚያ ሰሞን ይደግመው የነበረውን ዳዊትንም አስብ። ሰኞ በሚደገመው የመዝሙረ ዳዊት ክፍል ብቻ እንኳ «እስከ መቼ ትረሳኛለህ» የሚልና «አምላኬ፣ ለምን ተውኸኝ» የሚል ጩኸት አለ፤ ዳዊት ደጋሚም እነዚህን ዘልሎ አያልፍም። እግዚአብሔርን እንዲህ አድርጎ መጠየቅ በጸሎታችን ውስጥ ያለ ነገር ከሆነ፣ ለባልደረባ ሲነገር ነውር የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

ሁለት ነገሮችን ግን አደራ እልሃለሁ። በመጀመሪያ፣ «እኔ ያለፍሁበት ይህ ነው» የሚለውንና «ቤተ ክርስቲያን የምታስተምረው ይህ ነው» የሚለውን ለይተህ ተናገር፤ የአንተ ሐዘን ቀኖና አይደለም፣ ቀኖናውም የአንተን ሐዘን ለመሸፈን አልተሠራም። ቀጥሎም፣ ያረፉትን እናት ታሪክ ለክርክር ማስረጃ አድርገህ አታቅርብ። ልጆቻቸው በሕይወት ያሉ ከሆነ ሐዘኑ ቅድሚያ የእነሱ ነው።

መልስ 2፦ ቦርከና (ኮምቦልቻ)

እኔ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን አባል ነኝ፤ ስለዚህ ችግሩን ከሌላ አቅጣጫ አውቀዋለሁ። በእኛ ዘንድ ምስክርነት መስጠት የተለመደ ነው፤ ሰው ማይክ ይዞ በጉባኤ ፊት ስለ ራሱ ይናገራል፣ ማንም ከንቱ ውዳሴ ነው አይለውም። ይሁን እንጂ ምስክርነቱ መልክ ይዞ ቆይቷል፦ ታመምሁ፣ ተጸለየልኝ፣ ተፈወስሁ፣ ሃሌ ሉያ። የታመመና የተጸለየለት፣ ነገር ግን ያልተፈወሰ ሰው ማይኩን አይጠይቅም፤ ማንም አልከለከለውም፣ ታሪኩ ግን ከዚያ መልክ ጋር አይገጥምም።

እናቴ በኩላሊት ሕመም ስትሰቃይ ቆይታ ካረፈች በኋላ፣ እንድመሰክር ዕድል ሲሰጠኝ እንዳልተፈወሰች፣ እኔም በእግዚአብሔር ላይ ተቆጥቼ እንደ ነበር፣ ከዚያም ቁጣዬን ይዤ እሱ ዘንድ መሄድ እንደ ቻልሁ ተናገርሁ። አዳራሹ ጸጥ ብሎ ነበር፤ «አሜን» ለማለትም ቦታው የጠፋባቸው ይመስሉ ነበር። ከፕሮግራሙ በኋላ ግን ልጃቸውን የቀበሩ አንዲት እናት ወደ እኔ መጥተው ስለ ልጃቸው ለረጅም ጊዜ አጫወቱኝ፤ በዚያ አዳራሽ ስሙን ጠርተው እንደማያውቁም ነገሩኝ። የዳኑት ብቻ የሚናገሩበት ጉባኤ ላልዳኑት ምን ያህል ብርድ እንደሆነ ከዚያ ቀን ወዲህ አልረሳሁም።

ስለዚህ ወንድሜ፣ «ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም» ያልኸው መልስ ጎዶሎ መስሎ አይታይህ። አሳምረህ ለመጨረስ ስትል የማታምንበትን ዓረፍተ ነገር አትጨምርበት። ነግረሃት ስታበቃ ደግሞ ያንኑ ጥያቄ አንተም ጠይቃት፤ ስትመልስልህም በሐሳብህ የመከራከሪያ ነጥብ ሳታዘጋጅ አዳምጣት።

መልስ 3፦ የጦሳ ግርጌ (ደሴ)

ከላይ የተነገረውን አከብራለሁ፤ ሆኖም በጥንቃቄ እለያለሁ። ወሎ ውስጥ ሁለቱ እምነቶች በአንድ ከተማ ብቻ ሳይሆን በአንድ ቤት፣ በአንድ የዘር ሐረግ ውስጥ ይገኛሉ፤ የአባቱና የልጁ ስም ከሁለቱ እምነቶች የሆነ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ አለ። ሠርግ ሲደገስ የሙስሊሙና የክርስቲያኑ ሥጋ ለየብቻ ይታረዳል፣ በየድስቱ ይሠራል፣ ሁሉም በየገበታው ቀርቦ ይመርቃል። ሽማግሌዎቻችን ይህንን ያቆዩልን ስለ እምነት ብዙ በመናገር ሳይሆን፣ የማይነሣውን ባለማንሣት ነው ብዬ አምናለሁ።

ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ ታሪካችን ነው። ከደሴ በስተ ሰሜን የሚገኘው ቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የሃይማኖት ጉባኤ ያደረጉበት ስፍራ ነው። የወሎ መሪ የነበሩት ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል የተባሉት፣ በኋላም ንጉሥ የሆኑት፣ ከዚያ ጋር ተያይዞ ነው። ሕዝቡም እንዲጠመቅ ታዘዘ፤ ብዙዎች በልባቸው የሌለውን በአፋቸው እንዲናገሩ ተገደዱ፣ ቀን ክርስቲያን ሌሊት ሙስሊም ሆነው የኖሩም ነበሩ፣ የተሰደዱም አሉ። በዚህ አገር አንድ ክርስቲያን ለሙስሊም ስለ እምነቱ ሲናገር ይህ ሁሉ በመካከላቸው አለ። በተለይ በሥራ ቦታ፣ አንተ አለቃዋ ከሆንህ ብትጠይቅህም አትናገር፤ የበታች የሆነ ሰው ለአለቃው የሚያሳየው ፈገግታ ፈቃደኝነት አይደለምና። እኔ ብሆን በምግባሬ ብቻ እመልስላት ነበር።

መልስ 4፦ የሸዋ በር ልጅ (ደሴ)

እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ጥያቄው የክርስቲያኖች ቢሆንም ጠያቂዋ የእኔ እምነት ተከታይ ስለሆነች አንድ ነገር ልበል። የአባቴ ወንድም ክርስቲያን ናቸው። በወጣትነቴ ለምን እንደሚያምኑ ስጠይቃቸው በዝርዝር ነገሩኝ፤ ያልተመለሰላቸውን ጥያቄም ሳይደብቁ ጨመሩበት። እምነቴን እንድተው እየገፋፉኝ እንዳልሆነ የተረዳሁት ከዚህ የተነሣ ነው፤ ሰውን ለመማረክ የሚፈልግ ሰው ጥያቄውን አይገልጥም። ተቀይሜ አላውቅም። ያስቀየሙኝ፣ ሳልጠይቃቸው የሚጀምሩና ሳዳምጣቸው ድል ያገኙ የሚመስላቸው ናቸው።

የጦሳ ግርጌ ስለ ቦሩ ሜዳ የጻፉት እውነት ነው፤ በቤተሰቤም ይነገራል። ነገር ግን በዚያ ዘመን ሰው የተበደለው በልቡ ያለውን እንዳይናገር በመደረጉ ስለሆነ፣ ዛሬ ያለ ግዴታ የተጠየቀውን በሐቅ የሚመልስ ሰው ያንን በደል የሚደግም አይመስለኝም። በምግባር ብቻ መመለስ መልካም ነው፤ ግን ጥያቄ በቃል ሲቀርብ ዝም ማለት «ለአንቺ አይነገርም» ተብሎም ሊተረጎም ይችላል።

ጠያቂው፦ የሐረጎ መንገደኛ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጦሳ ግርጌ፣ ሥጋትዎ ቀላል አይደለም፤ ባልደረባዬ ግን በሥራ እኩያዬ እንጂ የበታቼ አይደለችም፣ ዕድገቷም ሆነ ደመወዟ በእኔ እጅ የለም። እንዲያም ሆኖ መጀመሪያ አሁንም መልሱን መስማት ትፈልግ እንደሆነ እጠይቃታለሁ፤ ከፈለገችም በሥራ ሰዓትና ሌሎች በተሰበሰቡበት ሳይሆን ለብቻችን እነግራታለሁ።

የሰኞ ገበያ ሰው ባሉት መሠረት የጎረቤታችንን ልጅ ትናንት በስልክ አነጋግሬአታለሁ። የእናቷ ነገር እንዲነሣ ፈቅዳልኛለች፤ ነገር ግን እናቷ በዚያ ሰሞን ስለ ራሳቸው መትረፍ ሳይሆን ስለ ልጆቻቸው ይጸልዩ እንደ ነበር፣ ልጆቹም ሁሉም በሕይወት እንዳሉ ነገረችኝ። ይህንን አላውቅም ነበር። «ጸሎቷ ተሰማ» ብላ ያለችው እሷ ናት፤ እኔ ግን እስካሁን እንደዚያ ለማለት ድፍረቱ ስለሌለኝ፣ ለባልደረባዬ ስነግር የእሷን ቃል የእሷ፣ የእኔን ጥያቄም የእኔ አድርጌ ሁለቱንም እነግራታለሁ።